በቀፎና በቀፎ መካከል

በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ ከኢተያ የመጣ አንድ ወጣት በአሰላ ከተማ በላይኛው ሰፈር በኩል ሲያልፍ፣ ሳያስበው እየጮኸ ወደ ማያውቀው ሰው ግቢ ዘሎ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ይከላከላል፤ ንቦች ከኋላው ያሳድዱታል። የግቢው ባለቤት አቶ ኃይለመስቀል ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በወጣቱ ራስ ላይ ጣሉበትና እጁን ይዘው ወደ ቤት ጎተቱት።

"አትሩጥ! አትወራጭ! በተወራጨህ መጠን ይብስባቸዋል" አሉት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሃረግ በሩን ዘጉና ወጣቱን መደብ ላይ አስቀመጡት። ከአንገቱና ከቅንድቡ ላይ የተተከለውን መንደፊያ ሁሉ በጥፍራቸው እየፋቁ አወጡለት።

ወጣቱ ፈቃደ ይባላል። አምቦ የእርሻ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የስንዴ ዘር ጉዳይ እንዲከታተል ወደ አርሲ ከተላከ ገና ብዙ አልቆየም። አቶ ኃይለመስቀል ደግሞ ዕድሜያቸውን ስልክ ቤት የፈጁ ሰው ናቸው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው የአሰላን ሰው ከናዝሬትና ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ሲያገናኙ ኖሩ፤ ጆሯቸው መድከም ሲጀምር ሥራውን ለሌላ አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ደስታቸው ንብ ማነብ ሆነ። ማሩን አይሸጡትም፤ ለዘመድ ይሰጡታል፣ ለበዓል ጠጅ ይጥሉበታል። የሚወዱት ማለዳ ተነሥተው ጆሯቸውን ከቀፎው ጀርባ ማስጠጋት ነበር። ለሰው ድምፅ የደከመው ጆሯቸው የንቡን ዝማሬ ግን አጥርቶ ይሰማ ነበር።

"አባቴ፣ ሳላስፈቅድ ግቢዎ ስለ ገባሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ፈቃደ፣ አንድ ዓይኑ እያበጠ።

"ይቅርታስ እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ ልጄ። ንቦቼ እንዲህ ያለ ጠባይ አልነበራቸውም። ከዚህ ሰሞን ጀምሮ ግን እኔንም ማወቅ ተዉ።"

"ምን አገኛቸው?"

አቶ ኃይለመስቀል ከመመለሳቸው በፊት ወደ መስኮቱ ሄደው የጎረቤቱን አጥር ተመለከቱ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

"ተመርዘው ነው።"

"ኧረ በማርያም፣ ይተዉ እንጂ!" አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

"አልተውም፣ የሺ! በየማለዳው ከቀፎዎቹ ሥር የምጠርገውን ሬሳ አንቺም ታይዋለሽ። ሁለቱ ቀፎ ባዶውን ቀረ። ብርቄም እየሞተችብኝ ነው።"

ብርቄ ከቀፎዎቹ የአንዷ ስም ነው። አቶ ኃይለመስቀል ለያንዳንዱ ቀፎ ስም ያወጡለት ነበርና።

ከዚያም ነገሩን ለእንግዳው አጫወቱት። ከአጥሩ ማዶ አስያ የምትባል ባለሱቅ ትኖራለች። ባሏ እህል ይዞ ሮቤ ሲመላለስ እሷ ሱቁን ትጠብቃለች። ባለፈው ወር ወደ አጥሩ መጥታ "ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ንቦችዎ የስኳር ጆንያዬን ወረሩት፤ ደንበኛ እየሸሸብኝ ነው። እርስዎ መላ ካልፈለጉላቸው እኔ እፈልግላቸዋለሁ" ብላቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የተባይ መርዝ፣ ዲዲቲ ገዝታ ቤቷን ስትረጭ ሽታው እዚህ ድረስ መጣ። ንቦቹም በዚያው ሳምንት መሞት ጀመሩ።

"ታዲያ ለእሑድ ሽማግሌ ጠርቻለሁ። እሷም ትመጣለች። እዚያው ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ፤ ካላመነች ዳኛ ዘንድ እሄዳለሁ።"

ወይዘሮ የሺሃረግ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እሳቸው በታመሙ ጊዜ ሌሊት ሌሊት አጠገባቸው ተቀምጣ ያስታመመቻቸው አስያ ነበረች። ልጆቻቸው የጠቡት ከአንድ ጡት ነው ማለት ይቻላል፤ አንደኛዋ ገበያ ስትውል ሌላዋ ታጠባ ነበር። እሑድ ከመጣ በኋላ ይህ ሁሉ ምን ሊሆን ነው? ባላቸውን ግን ሊመልሱ አልቻሉም።

"አባቴ፣ ቀፎዎቹን ላያቸው ይፈቅዱልኛል?" አለ ፈቃደ።

"አሁን የነደፉህን?"

"አዎን። ለምን እንደ ነደፉኝ ባውቅ ሕመሙ ይቀልልኛል።"

ሁለቱም ጋቢ ተከናንበው በጓሮ በኩል ወጡ። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ አንድ ረጅም ቆጥ ነበር። በእሱ ላይ ከሐረግ የተሠሩ፣ በእበትና በጭቃ የተለሰኑ ቀፎዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አልነበረም። መልካቸው አንድ ነው፤ በራቸውም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታል። በፊታቸው አየሩ ይተራመሳል። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተናነቁ ንቦች ከመሬት ላይ ይንከባለላሉ።

ፈቃደ ጎንበስ ብሎ የሞቱትን በመዳፉ አነሣ።

"ይመልከቱ፣ አባቴ። መርዝ ቢሆን ኖሮ ምላሳቸውን አውጥተው፣ እየተንቀጠቀጡ በየሣሩ በወደቁ ነበር። ከሁሉም ቀፎ እኩል ይሞቱም ነበር። እነዚህ ግን ክንፋቸው ተቆራርጧል። ከብርቄ በር ሥር ደግሞ የሰም ፍርፋሪ ተከምሯል፤ የማሩን እንጀራ የሚቀድ አለ ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እርስ በርሳቸው እየተዘራረፉ ነው።"

አቶ ኃይለመስቀል ቆጣ አሉ። "የኔ ንብ ሌባ ነው እያልከኝ ነው?"

"በአበባ ዘመን ማንም ንብ ሌባ አይሆንም። አሁን ግን ደረቅ ወቅት ነው፤ ሜዳው ላይ የሚቀሰም የለም። የአንዱ ቀፎ በር ከሌላው በር ጋር ከተጣበቀ ብርቱው ደካማውን ቶሎ ያገኘዋል።"

"አባቴም እንዲህ አድርጎ ነው ያነበው! አያቴም ከሸዋ ሲመጣ ቀፎውን በአንድ ቆጥ ነው የደረደረው። የአሰላን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ተጠጋግተው ይሟሟቃሉ። ንብ ማኅበር ይወዳል፣ ልጄ። ለየብቻ ብትበትነው ከፍቶት ይሄዳል።"

"ማኅበሩ ያለው በአንዱ ቀፎ ውስጥ ነው። በአንድ ቀፎ ውስጥ ያሉት ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ በጠረን ይተዋወቃሉ። የጎረቤቱ ቀፎ ንብ ግን ባዕዳቸው ነው። ብርዱን የሚከለክልላቸውም የራሳቸው ብዛትና የቀፎው ልስን እንጂ የጎረቤት ቀፎ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ከቀፎዎቹ ሁልጊዜ የሚበረታው የትኛው ነው?"

"ሞገሴ" አሉ ሽማግሌው ሳያመነቱ፣ በቆጡ ጫፍ ላይ ያለውን እያሳዩ። "ከሁሉ የተባረከ እሱ ነው።"

"ከሞገሴ በፊት በዚያ ጫፍ የነበረውስ?"

አቶ ኃይለመስቀል አሰብ አደረጉ። "እሱም ብርቱ ነበር።"

"ሁልጊዜ የሚደክሙትስ?"

"የመካከሎቹ" አሉ። ይህን ለብዙ ዘመን ሲያዩት ኖረዋል፤ ጠይቀውት ግን አያውቁም።

"ነፋሱ ከጭላሎ ተራራ ሲወርድ ከሜዳ የሚመለሰውን ንብ ወደ ጫፍ ይገፋዋል። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነም ንቡ ቤቱን ይስታል። የቀሰመውን ተሸክሞ ስለሚመጣ የጫፉ ቀፎ እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ወጣቷ እናት ንብም ለተራክቦ ወጥታ ስትመለስ የሰው በር ከገባች ትገደላለች፤ ቀፎዋም ወላጅ አልባ ሆኖ ይቀራል። ሞገሴ የበረታው ከጎረቤቶቹ በተወሰደ ጉልበት ይመስለኛል።"

"የመጽሐፍ ንብና የአርሲ ንብ አንድ አይደለም" አሉ ሽማግሌው። ነገር ግን ድምፃቸው እንደ ቀድሞው አልጠነከረም።

ሰው የሚወደው ነገር ሲጎዳበት ጥፋቱን ከራሱ ቆጥ ላይ ከመፈለግ ይልቅ ከአጥር ማዶ መፈለግ ይቀለዋል። አቶ ኃይለመስቀል ክፉ ሰው ስለሆኑ አልነበረም አስያን የጠረጠሩት። ፍርሃት ይዟቸው ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚከሰው ሲያገኝ ለጊዜውም ቢሆን ትንፋሹ ይመለስለታል።

"በመጽሐፍ አይመኑ፤ በዓይንዎ ይመኑ" አለ ፈቃደ። "ነገ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እመጣለሁ። ጥቂት የስንዴ ዱቄት ብቻ ያዘጋጁልኝ። እኔ ከተሳሳትኩ እሑድ ያሰቡትን ያድርጉ፤ አልከለክልዎትም።"

በማግሥቱ ፀሐይ ሞቅ ስትል ፈቃደ መጣ። ዓይኑ አብጦ ተከድኖ ነበር። ዱቄቱን ይዞ ከብርቄ አጠገብ ተንበረከከና፣ ማር ጠግቦ ሆዱ ተነፍቶ በሚወጣው ንብ ሁሉ ላይ በስሱ ነሰነሰ። ወዲያው የነጡ ንቦች ወደ አየር ተነሡ።

"አሁን አባቴ፣ የትኛው በር እንደሚገቡ ይመልከቱ። የብርቄ ልጆች ከሆኑ ወደ ሜዳ ይሄዳሉ።"

አቶ ኃይለመስቀል ዓይናቸውን አጥብበው ተከተሏቸው። የመጀመሪያዋ ነጭ ንብ ዞር ብላ በቆጡ ፊት አለፈችና ከሞገሴ በር ላይ ዐረፈች፤ ዘበኞቹ አሽትተው አስገቧት። ሁለተኛዋም ተከተለች። ከዚያ ብዙዎች ሆኑ። የሞገሴ ደጃፍ በዱቄት ነጣ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ከበሩ ላይ ቆመው "ወይ ጉድ!" አሉ።

"ባለፈው ወር ከቀፎው ፊት ምን ነገር አፍስሰው ነበር?" ሲል ጠየቀ ፈቃደ።

"የማር እጣቢ" አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ። "እንሥራውን ባጠብኩ ቁጥር እሳቸው፣ ይራባሉ እያሉ፣ በቀፎዎቹ ፊት በገበቴ ያኖሩላቸዋል።"

"ዘረፋውን የቀሰቀሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ እማማ። በችግር ወራት ሽታው ሁሉንም ያሳብዳቸዋል። ከዚያ በኋላ ሥራቸውን ትተው ማር ፍለጋ ይዞራሉ፤ የአስያን ስኳር የወረሩትም ስለዚህ ነው።"

አቶ ኃይለመስቀል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ስልክ ቤት ሳለሁ ሁለት ሽቦ ነፋስ አጠላልፎት ሲነካካ የአንዱ ወሬ ለሌላው ይገባ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ሰዎች ተጣሉ፣ ቤተሰብ ተበጠበጠ። እኔ ግን ሽቦዎቹን አለያይ ነበር እንጂ በሰዎቹ አልፈርድም ነበር።" ቀጥሎም ራሳቸውን በእጃቸው ያዙ። "ነገ እኮ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። እሷም ትመጣለች። ምን ብዬ ነው የጠራኋችሁ ልበል?"

"ያዩትን" አለ ፈቃደ።

ያን ቀን አቶ ኃይለመስቀል እህል አልበሉም። ሽማግሌዎቹን አይምጡ ለማለት አሰቡ፤ ነገር ግን አስያ ለምን እንደ ተጠራች ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዝም ቢሉ ጥርጣሬው በእሷ ላይ እንደ ተለጠፈ ይቀራል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክርስቲያኑም እስላሙም ሽማግሌ ግቢው ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። አስያ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ማንንም ሳታይ ቆመች። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ "ከሳሽ ይናገር" አሉ።

አቶ ኃይለመስቀል ተነሡ። "ንቦቼን ጎረቤቴ አስያ መረዘችብኝ ብዬ ነበር የጠራኋችሁ። ትናንት በዓይኔ አየሁ፤ ጥፋቱ ቀፎ አጠጋግቼ የደረደርኩት የእኔ ነው። አስያ ንጹሕ ናት። በፊታችሁ ይቅር በይኝ እላታለሁ።"

አስያ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ዲዲቲውን የገዛሁት ለትኋን ነው። መላ እፈልግላቸዋለሁ ያልኩዎትም ስኳሬን በክዳን በርሜል ላደርግ አስቤ ነበር። እንዲያ ሰላምታ ነፍገውኝ ከሚሰነብቱ በሬን ቢያንኳኩ ምን ነበረ? ከባሌ ፊት አፍሬ፣ ወላሂ፣ ሱቁን ዘግተን ወደ ሮቤ እንሂድ ብዬው ነበር።"

"እውነትሽን ነው፣ ልጄ። ማንኳኳት ነበረብኝ።"

ይቅርታው ያን ዕለት በአፍ ተሰጠ፤ ልብ ግን እንደ አፍ አይቸኩልም፤ ከልብ እስኪሆን ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ይሁንና በዚያው የነበረው ፈቃደ ቀፎዎቹ መነሣት እንዳለባቸው፣ ሲነሡም አየር በሚያሳልፍ ነገር መጠቅለል እንደሚገባቸው ሲናገር፣ አስያ ቃል ሳትናገር ሄዳ ክምር ጆንያ ይዛ ተመለሰች።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። ቀፎ ከቆጥ አንሥቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ማራራቅ ቀላል መስሏቸው ነበር።

"አይሆንም" አለ ፈቃደ። "ንብ የድሮ ቦታዋን በልቧ ይዛዋለች። እዚሁ ብናራርቃቸው ወደ ባዶው ቆጥ ተመልሰው በብርድ ያልቃሉ። መጀመሪያ አካባቢውን ወደማያውቁት ሩቅ ስፍራ እንውሰዳቸው። እዚያ አዲስ መንገድ ሲለምዱ የድሮውን ይረሱታል። ከዚያ ወደ አዲሱ ቦታቸው እንመልሳቸዋለን።"

"ሁሉም ቢያልቁብኝስ?"

"አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ባሉበት ከቀሩ ግን ማለቃቸው የተረጋገጠ ነው።"

ወደ ኦጎልቾ በሚወርደው መንገድ ጉደታ የሚባል የአቶ ኃይለመስቀል የዱሮ ወዳጅ እርሻ ነበረው። መልእክት ሲደርሰው ከወንድሞቹ ጋር መጣ። በማታ ንቦቹ ሲገቡ በሮቹን በሣር ደፈኑ፤ በማለዳው ቅዝቃዜ ቀፎዎቹን በጆንያ ጠቅልለው በወሳንሳ ተሸከሙ። ብርቄን ብቻ፣ ውጭ ያደሩትን እንድትሰበስብ፣ በቆጡ ላይ ተዉአት።

በቁልቁለቱ ላይ አንደኛው ተሸካሚ አዳለጠው። ከቀፎው ውስጥ የማር እንጀራው ሲናድ ተሰማ፤ ማሩም በጆንያው መንጠባጠብ ጀመረ። አቶ ኃይለመስቀል "ተመለሱ! ይብቃ፣ ተመለሱ!" እያሉ መንገዱ ላይ ቆሙ።

ጉደታ ሸክሙን ሳያወርድ፣ "ኦቦ ኃይለመስቀል፣ ግማሽ መንገድ መጥተናል። ብንመለስም ይኸው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቀናል። አንዱ ሞተ ብለህ የቀሩትን ልትገድል ነው?" አላቸው።

ያ ቀፎ ሞተ። የቀሩት ደኅና ደረሱ።

አቶ ኃይለመስቀል ቤት ሲመለሱ ጥቂት ውጭ ያደሩ ንቦች በቆጡ ላይ እየዞሩ ቤታቸውን ሲፈልጉ አገኟቸው። ሽማግሌው ቆመው ሲያዩአቸው ዕንባ መጣባቸው። ወደ ማታ ግን ንቦቹ አንድ በአንድ ወደ ብርቄ ገቡ። ዘራፊዎቹ ስለሄዱ ብርቄ ደጃፏ ጸጥ ብሏል፤ የመጡትንም ተቀበለች። በዚያ ወር ከሞት ተረፈች።

የበልግ ዝናብ ጥሎ አበባ ብቅ ሲል ቀፎዎቹ ተመለሱ። አሁን በአንድ ቆጥ አልተደረደሩም። አንዱ ከኮሶው ሥር፣ አንዱ ከወይራው አጠገብ፣ አንዱ ከጽዱ ጀርባ ተቀመጠ። በአንዱና በሌላው መካከል አራት ረጅም እርምጃ አለ። በሮቻቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ዞሩ። ወይዘሮ የሺሃረግ አንዱን በቀይ አፈር፣ አንዱን በነጭ ኖራ፣ አንዱን በከሰል ቀቡላቸው፤ ንቧ ከሩቅ ቤቷን እንድትለይ። የማር እጣቢ ወደ ውጭ መድፋት ቀረ።

የኅዳር ማር ሲቆረጥ በቆጡ ዘመን ያልታየ ማር ተገኘ፤ ብርቄም ሞገሴም ሰጡ። ከቀፎ ሥር ሬሳ መጥረግ ቀረ፤ መንገደኛም ያለ ሥጋት ማለፍ ጀመረ። ፈቃደ በዚያ ጊዜ ሥራው ሮቤ አድርሶት ስለነበር ማሩ በእንሥራ ተላከለት።

በተከታዩ መስከረም አበባው ሜዳውን ሲሸፍነው ከኮሶው ሥር ካለው ቀፎ አንድ መንጋ ወጥቶ የአስያ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። አስያ ወደ አጥሩ መጣች።

"ጋሽ፣ ይህ መንጋ እኔን መርጦ መጥቷልና ይስጡኝ። ቀፎ ከገበያ ገዝቻለሁ። እዚችው አጥር ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ከእርስዎ ንቦች ጋር ይጫወት።"

"አጥሩ ሥር? በፍጹም!" አሉ አቶ ኃይለመስቀል፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። "ሞገሴ እኮ ከአጥሩ ወዲህ ነው ያለው። ችግር ሲመጣ ይበላብሻል። ወደዚያ፣ ወደ ጓሮሽ ውሰጂው።"

"ከብቸኝነት ብዛት አይሄድም?"

"ንብ በጎረቤት ቀፎ አይጽናናም፣ አስያ። ይልቅስ ሲራራቅ እናቲቱ ቤቷን አትስትም፤ አንዱ ቢታመም በሽታው ወደ ሌላው አይጋባም፤ ደካማው በደጃፉ ላይ ጠላት ሳያይ ያድጋል። አንቺም አንዱን ስትከፍቺ ሌላው አይቆጣብሽም። በሩን ወደ ሱቅሽ እንዳታዞሪው፤ ወደ ሜዳው ይይ። ይህን ሁሉ እኔ የተማርኩት ንብ አልቆብኝ፣ አንቺንም አስቀይሜ ነው።"

አስያ ሣቅ አለች። ቀፎውን አንሥታ ወደ ጓሮው ወሰደች፤ እሳቸውም ከአጥሩ ማዶ "ጨምሪ! ገና ነው፣ ጨምሪ!" እያሉ አስቆሟት። ከዚያ ገብተው መንጋውን ከቅርንጫፉ ላይ በቀፎው ደጃፍ አራገፉላትና ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ። ንቦቹ ለጥቂት ጊዜ ተተራመሱ፤ ሽማግሌው ንቦቹ ይሄዱ ይሆን ብለው ሠጉ። ቆይቶ ግን ጥቂቶቹ ወደ በሩ ዞሩ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ጉዞው እንደ ውኃ ወደ ውስጥ ፈሰሰ።

የመጨረሻዎቹ ሲገቡ አስያ "አልሐምዱሊላህ" አለች።

"አሜን" አሉ አቶ ኃይለመስቀል።